ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሲነሳ የሚሰማ «ጠቅ ጠቅ»፦ በአሮጌ አይሱዙ ላይ ምንጩን መለያ መመሪያ

ሌሊቱን ቆሞ ያደረ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ጠዋት ሲነሳ የሚያሰማው «ጠቅ ጠቅ» አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ዘይት ዘግይቶ የሚደርሰው ብረት ነው። ሁለተኛው ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ነው። ሦስተኛው ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ጭስ የሚያሾልክ፣ ሲሞቅ ግን የሚገጥም የጭስ መውጫ መጋጠሚያ ነው። ከእነዚህ ውጭ ኖዝል፣ ፒስተን፣ ብሮንዚናና በቺንጋ የሚዞሩ ዕቃዎች አሉ። ሦስቱ የተለመዱት በመፍቻ፣ በጓርኒሲዮንና በዘይት ለውጥ የሚያልቁ ናቸው፤ ከቀሩት አንዳንዶቹ ግን ሞተር ያስወርዳሉ። ሁለቱን ሳይለዩ ሥራ መጀመር ገንዘብ ያስወጣል።

በአሶሳ ዞን መንጌ ወረዳ ለሚሠራ መኪና አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የተሻለ ጋራዥ ፍለጋ የሚኬደው አሶሳ ነው፤ መኪናው አሶሳ ሲደርስ ደግሞ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቋል፣ ድምፁም ጠፍቷል። መካኒኩ በጆሮው ያልሰማውን ከሹፌሩ አፍ ብቻ ሰምቶ ይገምታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ «ቴስታታው ይውረድና ይታይ» ወደሚል ያደላል። ስለዚህ የምርመራው ዋና ክፍል መሠራት ያለበት መኪናው ባደረበት ቦታ፣ ሞተሩ ከመሞቁ በፊት ነው። ይህ ዕድል የሚገኘው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምራል።

ቀዝቃዛ ሞተር ሲባል እዚህ የአየሩን ብርድ ማለት አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሞተሩን ያከብደዋል፤ መንጌ ግን ቆላ ነው፣ ውርጭ አያውቅም። 15/40 የሚባለው የተለመደ የናፍጣ ሞተር ዘይት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ሞተሩ መዞር እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። በመንጌ ጠዋት «ዘይቱ ረግቶ ነው» የሚለው ሰበብ ታዲያ ብዙም አያስኬድም። ሞተሩን የሚለውጠው መቆሙ ነው፤ ዘይቱ ከላይኛው ክፍል ተንጠፍጥፎ ወደ ኮፓ ይወርዳል፣ ብረቶቹም ይኮማተራሉ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ አመሻሽ ላይ የተነሳ ሞተር ያንኑ ድምፅ ካሰማ፣ ብርድ ምክንያት እንዳልሆነ ያለ ክርክር ይረጋገጣል።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በአይሱዙ ኤን ፒ አር ላይ ነው፤ በአነዳዱ የተነሳ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል የወጣለት መኪና ማለት ነው። አሮጌዎቹ ኤን ፒ አሮች በብዛት 4ቢዲ1 ወይም 4ኤችኤፍ1 ሞተር አላቸው። የመጀመሪያው 3.9 ሊትር ሲሆን ካምሻፍቱ ከታች ሆኖ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ይገፋል። ሁለተኛው 4.3 ሊትር ነው፣ ካምሻፍቱም ላይ ቴስታታው ጋ ነው። በሁለቱም ላይ የቫልቭ ክፍተት በእጅ፣ በብሎንና በዳዶ ይስተካከላል፤ በዘይት ግፊት ራሱን የሚያስተካክል መግፊያ የላቸውም። ይህ መታወቅ አለበት። ምክንያቱም ለአሜሪካ ሠራሽ የቤንዚን መኪኖች የሚሰጠው «የመግፊያ ማጽጃ ፈሳሽ ዘይቱ ውስጥ ይጨመር» የሚለው ምክር ለእነዚህ ሞተሮች አይሠራም። ጠርሙሱ ሱቅ ውስጥ ቢገኝ እንኳ የሚያጸዳው ነገር የለም።

የዋዜማው ሥራ

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ጎማው በድንጋይ ይደገፋል፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል። ሞተሩ ከጠፋ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ይጠረጋል፤ እንደገና ገብቶ ይነበባል። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ይሞላና ምርመራው ለማግሥቱ ይተላለፋል። ዘይት የጎደለው ሞተር የሚያሰማው ድምፅ ስለ ሌላ ነገር ምንም አይነግርምና።

ደረጃው ልክ ቢሆንም ዘይቱ በጣት መካከል ታሽቶ ይታያል፣ ይሸተታል። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸትና የሳሳ ከሆነ ወይም ሳይጨመርበት ከፍ ያለ ከሆነ፣ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። በሁለቱም ሁኔታ ሞተሩ ጠዋት እንዲነሳ አይደረግም፤ ጉዳዩ ከጠቅታ አልፏል።

ኤን ፒ አር ላይ ሞተሩ ካቢኑ ሥር ስለሆነ የዓይን ምርመራው በዋዜማው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካቢኑ ተገልብጦ ይከናወናል። የካቢኑ መደገፊያ ዘንግ መቆለፉ ሳይረጋገጥ ማንም ሰው ከሥሩ አንገቱን አያስገባም። በባትሪ መብራት የሚፈለገው ጥላሸት ነው፤ የጭስ መውጫው ኮሌክተር ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት መስመርና በየኖዝሉ ግርጌ ይታያል። በመንጌ መንገድ ሞተሩ ሁሉ ቀይ አቧራ ይለብሳል፤ በዚያ ቀይ ላይ ጥቁር የጭስ ጭረት ከታየ ጎልቶ ይነበባል። ከምርመራ በፊት ሞተሩን ማጠብ የሚያስቀረው ይህን ማስረጃ ነው። የላላ ቡሎን፣ የተሰበረ የሙቀት መከለያ ቆርቆሮ፣ ከጠርዙ ጋር የሚነካካ ፋንም አብረው ይታያሉ። ከዚያ ካቢኑ ወርዶ ይቆለፋል። ካቢኑ ተገልብጦ ሳለ ሞተር ማስነሳት አደገኛ ስለሆነ ለመካኒክ የሚተው ነው።

ሞተሩ የጠፋበት ሰዓት ይመዘገባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢቆም በቂ ነው። ሌሊት ላይ «አንድ ጊዜ ለባትሪው» ተብሎ የተነሳ ሞተር ለምርመራ አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች

ጠዋት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ቁልፉ ላይ፣ ሌላው ከጎማው ጎን። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የስልክ መቅረጫ ይከፈትና ሞተሩ አጠገብ፣ ከሚዞር ነገር በራቀ ቦታ ይቀመጣል። ቀረጻው ከቁልፉ መዞር በፊት መጀመሩ ግዴታ ነው፤ ዋናው መረጃ ያለው በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ።

ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሪኖው ሳይነካ፣ የዘይት መብራቱ መብራት አለበት። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቆርጧል፤ እንዲህ ከሆነ በኋላ «መብራቱ ጠፍቷል» ማለት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። የካንዴሌታው ጊዜ ተጠብቆ ሞተሩ ይነሳል። ነዳጅ አይረገጥም። ሞተር በተነሳ ቅጽበት ደጋግሞ ነዳጅ መርገጥ በብዙ ሹፌሮች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ዘይት ያልደረሰውን ብረት በከፍተኛ ዙር ማፋጨት ስለሆነ ከምርመራውም ሆነ ከሞተሩ ዕድሜ ጋር አይሄድም።

ከዚህ በኋላ የሚቆጠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መብራቱ በስንት ሰከንድ እንደጠፋ፣ ድምፁም ምን ያህል እንደቆየ። መብራቱ 10 ሰከንድ አልፎት ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ግፊቱ በመለኪያ ሳይረጋገጥም አይነሳም።

ድምፁ ከአንድ እስከ አምስት ሰከንድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ከጠፋና መጥፋቱ ከመብራቱ ጋር ከገጠመ፣ ጉዳዩ የዘይት መድረስ ነው። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ከሆነ፣ የጭስ ማሾለክ ወይም የፒስተን መላላት ይጠረጠራል። ሞተሩ ሞቆም ጠቅታው እንዳለ ከቆየና ጠዋት የሚሰማው ጸጥታው ስላጎላው ብቻ ከሆነ፣ ወደ ቫልቭ ክፍተት ወይም ወደ ኖዝል ይኬዳል። ሲሞቅ የሚብስ ድምፅ ለብቻው መታየት ያለበት ስለሆነ ወደ መጨረሻው ይመጣል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት አለበት። ማንኛውም የናፍጣ ሞተር ሲቀዘቅዝ ከሞቀው ይበልጥ ይጮኻል። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ የተረጨ ነዳጅ ለመቀጣጠል ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት የተጠራቀመው ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሲነድ ደረቅ ኳኳታ ያሰማል። ይህ ከአራቱም ሲሊንደሮች እኩል የሚወጣ፣ በሁለትና በሦስት ደቂቃ የሚለዝብ ድምፅ ነው። የሚያሳስበው ከዚህ የወል ጩኸት ተለይቶ ከአንድ ቦታ የሚመጣው ነው። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም የወሉን ጩኸት ያብሰዋል። ድምፁ የጀመረው ነዳጅ ከተቀዳ ማግሥት ከሆነ መኪናውን ከመንካት በፊት ከታመነ ማደያ ነዳጅ ቀድቶ ማየት ይቀድማል።

ምቱም ይቆጠራል። ካምሻፍት የሚዞረው በክራንክ ሻፍት ግማሽ ፍጥነት ነው። ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በደቂቃ 600 ዙር ቢዞር፣ ከአንድ ቫልቭ የሚመጣ ጠቅታ በሰከንድ አምስት ጊዜ ይሰማል፤ በእያንዳንዱ የክራንክ ሻፍት ዙር የሚመታ ግን አሥር ጊዜ ይሰማል። በጆሮ መቁጠሩ ያስቸግራል፤ ስልኩ ላይ ያለው ቀረጻ በዝግታ ሲከፈት ግን በቀላሉ ይቆጠራል። ከአንድ ኖዝል ወይም ከአንድ የጭስ ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅም በሰከንድ አምስት ስለሚሆን፣ ቆጠራው ቫልቭን ከኖዝል አይለይም። የሚለየው የላይኛውን ክፍል ከታችኛው ነው፤ ይኸው ልዩነት ደግሞ ትልቁ የወጪ ልዩነት ነው። ሞተሩ ዙሩን ሲጨምር ጠቅታው አብሮ ካልፈጠነ ምንጩ ሞተሩ ውስጥ አይደለም፤ የሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮ ወይም የላላ መያዣ ይፈለግ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚለወጥ ከሆነም የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው።

ዘይት ሲዘገይ

ሌሊት ዘይቱ ተንጠፍጥፎ እንዳይወርድ የሚይዘው በዘይት ፊልትሩ ወይም በፊልትሩ መቀመጫ ላይ ያለ ትንሽ ቫልቭ ነው። ርካሽ ኮፒ ፊልትሮች ላይ ይህ ቫልቭ ወይ የለም ወይ ጎማው ቶሎ ይደርቃል። እንዲህ ሲሆን ጠዋት ፓምፑ መጀመሪያ ባዶውን ፊልትር ይሞላል፣ ከዚያ ቫልቮቹን ወደሚገፉት ክንዶች፣ ወደ ሮከሮቹ፣ ይልካል፤ እስከዚያ ላይኛው ክፍል በደረቁ ይጠቀጥቃል። ድምፁ የጀመረው ከዘይት ለውጥ በኋላ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊልትሩ ነው። አዲሱ ፊልትር ቀጥ ብሎ የሚገጠም ዓይነት ከሆነ ዘይት ተሞልቶ ይገጠማል።

ቀጥሎ የዘይቱ ዓይነት ይታያል። ሞተሩ በጣም ስላረጀ «ወፈር ያለ ይሻለዋል» በሚል 50 ቁጥር የሚሞሉ አሉ። ወፍራም ዘይት ሞተሩ ሲሞቅ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ጠዋት ግን ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል፣ ማለትም የሞተሩን እርጅና ሸፍኖ የጠዋቱን ጠቅታ ያራዝማል። ከበርሜል የተቀዳ፣ ምንነቱ የማይታወቅ ዘይት ከሆነ ፊልትሩም ዘይቱም አብረው ይቀየራሉ። የወጣው ፊልትር ሳይጣል ተቀዶ እጥፋቱ ይዘረጋል። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ከተገኘ ማግኔት ይጠጋበታል። ማግኔት የሚያነሳው ብረት ከጥርስ፣ ከካምሻፍት ወይም ከሮከር ነው። ማግኔት የማያነሳው፣ መዳብ ወይም አመድማ ቀለም ያለው ብናኝ ደግሞ የብሮንዚና መበላት ምልክት ነው።

ግፊቱን በትክክል የሚያሳየው መብራቱ ሳይሆን የዘይት መብራቱ ሴንሰር ተፈትቶ በቦታው የሚገጠም የእጅ መለኪያ ነው። የአምራቹ መጽሐፍ የተለየ ካላለ፣ ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ ሳይረገጥ ከ1 ባር በታች የሚያሳይ አሮጌ ሞተር አስጊ ነው።

ጭስ ሲያሾልክ

በአሮጌ መኪና ላይ «ቫልቭ ነው» ተብሎ በስህተት የሚከፈተው አብዛኛው ሞተር ችግሩ የጭስ ማሾለክ ነው። የኮሌክተሩ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ወይም ከሚይዙት ቡሎኖች አንዱ ሲበጠስ፣ ሲሊንደሩ ጭሱን በተፋ ቁጥር በስንጥቁ በኩል አጭር ምት ይወጣል። ከርቀት ሲሰማ ጠቅታ ነው፤ ቀረብ ሲሉ ግን «ቸፍ ቸፍ» የሚል ነፋስ አለበት። ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ስንጥቁ ይገጥማል፤ ድምፁም ይጠፋል። መንጌ ላይ ተሰምቶ አሶሳ ላይ የሚሰወረው ድምፅ በተለይ ይህ ነው።

መለያው ቀላል ቢሆንም ጊዜው አጭር ነው። ሞተሩ እንደተነሳ፣ ኮሌክተሩ ገና እጅ የሚያስነካ ሳለ፣ ረዳቱ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለሁለት ለሦስት ሰከንድ በከፊል ያፍናል። ጭሱ በኋላ መውጫ ሲያጣ በስንጥቁ በኩል ይበረታል፤ ጠቅታው ከጎላ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው። በመጋጠሚያው አካባቢ እጅ ሳይነካ ቢጠጋ ምቱ በቆዳ ላይ ይሰማል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን እጅ ያቃጥላል። በዋዜማው የታየው ጥቁር ጭረት እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። የተበጠሰ ቡሎን ያለበት ኮሌክተር የቀሩትን በማጥበቅ አይድንም፤ ያልተያዘው ጫፍ ጎብጦ ስለሚቆይ ተፈትቶ ፊቱ መላግ ሊኖርበት ይችላል።

የዚሁ ዘመድ የሆነው የኖዝል ግርጌ ማሾለክ ነው። ከኖዝሉ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ሲያልፍበት በኖዝሉ ዙሪያ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቅራሪ ይከማቻል። ቀለበቱ ርካሽ ነው፣ ግን ሁለተኛ ጊዜ አይገጠምም።

የቫልቭ ክፍተት

ዘይቱ ልክ ከሆነ፣ ጭስም ካላሾለከ፣ ከላይ የሚሰማው ደረቅ፣ እንደ ስፌት መኪና እኩል የሚመታ ጠቅታ የቫልቭ ነው። ቦታው በረጅም ካቻቪቴ ይለያል፤ ጫፉ የቫልቭ ክዳኑ ቡሎኖች ላይ በየተራ ይቆማል፣ እጀታው ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ላይ ይደገፋል። ከፋኑና ከቺንጋው መራቅ፣ ሻሽና ልቅ ልብስ ማውለቅ ግድ ነው።

ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ፣ ጠፍቶ ነው። በ4ቢዲ1ም በ4ኤችኤፍ1ም የአስገቢውም የአስወጪውም ቫልቭ ልክ በቀዝቃዛ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። ካቢኑ ተገልብጦ ይቆለፋል፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። የቫልቭ ክዳኑ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያው ያለው አቧራ በብሩሽና በጨርቅ ይጸዳል፤ አንድ ቁንጥር ቀይ አፈር ቴስታታው ላይ ከወደቀ የካምሻፍቱን ዕድሜ ያሳጥራል።

ሞተሩ የሚዞረው በሞተሪኖ ሳይሆን የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ቡሎን ላይ በሚገባ መፍቻ፣ በእጅ ነው። ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ከጠቋሚው ጋር ሲገጥም 1ኛውና 4ኛው ፒስተኖች ላይኛው ጫፍ ላይ ደርሰዋል። አንደኛ የሚባለው በፋኑ በኩል ያለው ነው። የትኛው በጭመቃ ላይ እንዳለ ለማወቅ የ1ኛው ሲሊንደር ሁለት ሮከሮች በጣት ይነቀነቃሉ። ሁለቱም ትንሽ ከተንቀሳቀሱ 1ኛው በጭመቃ ላይ ነው፤ ከተወጠሩ ፑሊው አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል።

የእነዚህ ሞተሮች የመተኮስ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ስለዚህ 1ኛው በጭመቃ ላይ ሳለ የሚስተካከሉት የ1ኛው ሁለቱም ቫልቮች፣ የ2ኛው አስገቢና የ3ኛው አስወጪ ናቸው። ከዚያ ፑሊው አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ 4ኛው ጭመቃ ላይ ሲደርስ የ2ኛው አስወጪ፣ የ3ኛው አስገቢና የ4ኛው ሁለቱም ይስተካከላሉ። አስገቢውና አስወጪው የሚለየው ቫልቩ ከየትኛው ኮሌክተር ትይዩ እንዳለ በማየት ነው። የተስተካከለው ሁሉ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ በመሃል ስልክ ጠርቶ ተራ የጠፋበት ሥራ ጥቂት አይደለም።

0.40 የሚለው የፊለር ጌጅ ምላጭ በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ሲገባ ሳይታጠፍ፣ ግን እየተያዘ መሳብ አለበት። 0.35 ያለ ችግር ያልፋል፤ 0.45 አይገባም። ሦስቱን በየተራ መሞከር በአንዱ ብቻ ከመተማመን ይሻላል። የማስተካከያው ብሎን በካቻቪቴ ተይዞ ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱ ትንሽ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል። ይህን ሁለተኛ ልኬት መዝለል ሥራውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

ሮከሩ የቫልቩን ጫፍ የሚመታበት ፊት ሲያረጅ ጎድጓዳ ይሠራል። ጠፍጣፋው ምላጭ ጉድጓዱን ተሻግሮ በሁለቱ ጠርዞች ላይ ስለሚያርፍ 0.40 ብሎ ያነባል፤ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ የሰፋ ነው። ልኩ ሁሉ ትክክል ሆኖ አንድ ቫልቭ ብቻ ጠቅ ማለቱን ካላቆመ ሮከሩ ወጥቶ ፊቱ በጥፍር ይዳሰሳል። ጉድጓድ ያለበት ሮከር ይሞረዳል ወይም ይቀየራል። ጠቅታውን ለማጥፋት ክፍተቱን ከልኩ ማጥበብ ግን ፈጽሞ የተሳሳተ ነው፤ በየጋራዡም የተለመደ ነው። ክፍተት ያጣ ቫልቭ ድምፅ አያሰማም፤ ሲሞቅ ግን ስለሚለጠጥ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፣ ሙቀቱን ለቴስታታው ማስተላለፍ አይችልም፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ለባለንብረቱ የሚሻለው ትንሽ የሚጠቀጥቅ ቫልቭ ነው።

የ4ቢዲ1 ባለንብረት በዚሁ አጋጣሚ የመግፊያ ዘንጎቹን ማየት ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ወጥቶ መስታወት ላይ ሲንከባለል የጎበጠው ይዘላል። በ1ኤችዜድ ሞተር ለሚሠሩ የላንድክሩዘር ፒክአፖች ክፍተቱ በብሎን ሳይሆን በሺም ውፍረት የሚስተካከል ሲሆን ልኩ በቀዝቃዛ ለአስገቢው ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለአስወጪው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ሺም የሌለው ጋራዥ መለካት እንጂ ማስተካከል አይችልም።

ኖዝልን ለይቶ ማጥፋት

ቫልቩ ተስተካክሎም ድምፁ ካለ፣ ሞተሩ እየሠራ የየኖዝሉ የነዳጅ መስመር ዳዶ በየተራ ግማሽ ዙር ይላላል፤ ያ ሲሊንደር ነዳጅ ያጣና ሥራ ያቆማል። ድምፁ በዚያ ሲሊንደር ላይ ከጠፋ ወይም ከለዘበ ምንጩ ኖዝሉ፣ ፒስተኑ ወይም ብሮንዚናው ነው። ምንም ካልተለወጠ ወደ ቫልቭ ክፍል ይመለሳል። ዳዶው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዓይን በመነጽር ተከልሎ ነው የሚላላው፤ በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እንዲህ ያለው ቁስልም ትንሽ ቢመስል ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ይህ ዘዴ ለአሮጌው የሜካኒክ ፖምፓ ብቻ ነው። በኮምፒውተር በሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ላይ የመስመሩ ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ ማንም አይሞክረው።

ኖዝል ከተጠረጠረ ከሌላ ሲሊንደር ጋር ቦታ ይለዋወጣል፣ በአዲስ የመዳብ ቀለበት። በማግሥቱ ጠዋት ድምፁ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ የሚጠገነው ኖዝሉ ነው፤ በቦታው ከቀረ ኖዝሉ ነጻ ነው።

በቺንጋ የሚዞሩት ደግሞ ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ሲነሳ ይለያሉ። በብዙዎቹ አሮጌ ኤን ፒ አሮች የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ስለሆነ፣ ቺንጋው ወልቆ ሳለ መኪናው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ፍሬኑ ኃይል የለውም።

መኪናውን የሚያስቆም ድምፅ

የላላ ፒስተን ሲሊንደሩን የሚመታው ድምፅ ደብዛዛ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ፒስተኑ ስለሚለጠጥ ይጠፋል። ዘይት የማይበላና ሰማያዊ ጭስ የማያጨስ ሞተር ከሆነ እንዲህ እየሠራ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ለዚህ ብቻ ሞተር ማውረድ አስቸኳይ አይደለም።

ብሮንዚና ሌላ ነው። ድምፁ ከታች፣ ከኮፓው በኩል ይመጣል፤ ጠለቅ ያለ «ዱቅ ዱቅ» ነው። ጠዋት ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ተሰምቶ ዘይቱ ሲደርስ ሊጠፋ ይችላል፤ በኋላ ግን ሞተሩ ሲሞቅ፣ ዘይቱ ሲሳሳ፣ በተለይ ነዳጅ ተረግጦ ሲለቀቅ ይመለሳል። በፊልትሩ ውስጥ ማግኔት የማያነሳው ብናኝ ከተገኘና ይህ ድምፅ ከተሰማ መኪናው በሞተሩ አሶሳ አይሄድም፤ ተጎትቶ ወይም ተጭኖ ይሄዳል። ብሮንዚናው ብቻ በጊዜ ቢቀየር የሚድን ክራንክ ሻፍት ጭነት ይዞ አንድ ዳገት ቢወጣ ሊበላሽ ይችላል።

ዘይቱና ግፊቱ ደህና እስከሆኑ ድረስ፣ ከዚህ በመለስ ያለው ሁሉ አሶሳ ድረስ ተነድቶ መሄድ ይችላል። ለመካኒኩ የሚሰጠው ቀረጻው፣ መብራቱ የጠፋበትና ድምፁ የቆየበት ሰከንድ፣ ድምፁ የጀመረበት ጊዜና ከዚያ በፊት የተቀየረው ዕቃ ነው። መኪናው በዋዜማው ጋራዡ ግቢ ደርሶ ቢያድርና ጠዋት መካኒኩ ባለበት ቢነሳ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ያለ ምክንያት ከተከፈተ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ዋጋ ያንሳል።

ሮከር፣ ኖዝል ወይም ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የሚታዘዝ ከሆነ «የኤን ፒ አር» ብሎ መላክ አይበቃም፤ በአንድ ስም የተለያየ ሞተር የተገጠመላቸው መኪኖች አሉ፣ የ4ቢዲ1 ሮከርም 4ኤችኤፍ1 ላይ አይገጥምም። በሞተሩ አካል ላይ የተመታው ቁጥር በስልክ ፎቶ ተነስቶ ከትዕዛዙ ጋር ይላክ።